የአረጋውያን የቡድን ሕክምና በስልክ፦ ከበሩ ኋላ ማን አለ?

ሊልበርን ባቡር የላትም። የማርታ ባቡር በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዶራቪል ላይ ያበቃል። በጉዊኔት ካውንቲ ለሕዝብ መጓጓዣ ማስፋፊያ የሚውል የሽያጭ ግብር እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ2020 እና በ2024 ለድምፅ ቀርቦ ሦስቱንም ጊዜ ወድቋል። እንግዲህ መኪና የማይነዱ እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጅ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ የቤት እስረኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አገር ቤት ደጃፍ ላይ ወንበር ተስቦ ይወጣ የነበረው ብሶት እዚህ መውጫ አጥቷል።

ስለዚህ የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ወደ ኢንተርኔትና ወደ ስልክ መዞሩን በደስታ ነው የተቀበልኩት። ሕክምናው ራሱ የዛሬ አይደለም። ዶክተር ጆሴፍ ፕራት እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሰብስበው ማወያየት ጀመሩ። ኧርቪን ያሎም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ከሚፈውሱት ነገሮች አንዱ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ብሎ ማወቅ እንደሆነ አስረድተዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ በሩን ሲዘጋው ቡድኖቹ ወደ ዙም ተሰደዱ። ከ2022 ወዲህ ሜዲኬር፣ ቪዲዮ ለማይችል ወይም ለማይፈልግ ታካሚ፣ ከቤቱ ሆኖ በድምፅ ብቻ ለሚያገኘው የአእምሮ ጤና ሕክምናም ይከፍላል። ይህ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ረጅሙን የኮድ ቁጥር በቃላቸው ይዘው ሌሊት የጸሎት መስመር ላይ የሚገቡ እናቶች ስልክ አይቸግራቸውም። በተጨማሪም ጆርጂያ ሳይፓክት በሚባለው የስቴቶች ውል ውስጥ ስላለች፣ በውሉ ፈቃድ ያገኘ አማርኛ ተናጋሪ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቨርጂኒያ ተቀምጦ የሊልበርንን ሰው ማከም ይችላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ብዙ ወገኖቻችን «ተሰብስባችሁ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ከሐኪም አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀበሌና በመሥሪያ ቤት አዳራሽ «ራስህን አጋልጥ!» ሲባል ነው። በዚያ አዳራሽ ያመለጠች ቃል ሰው አስገድላለች። እነዚህን ሰዎች ማን እንደሚያዳምጥ በማይታይበት መስመር ላይ አስገብቶ «በነጻነት ይናገሩ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

አንድ የማውቃቸው አባት ራሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ መስመሩን የሚከፍትላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ እዚያው ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ለሳምንታት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት አላለፉም። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጁ ቤት ባልነበረበት ቀን ግን፣ በ1970 ዓ.ም. ሌሊት ስለ ተወሰደው ወንድማቸው ተናገሩ። ለሚስታቸውም ነግረው አያውቁም ነበር። ከመስመሩ ወዲያ ማዶ አንዲት እናት ማልቀስ ጀመሩ፤ የእሳቸውም ወንድም በዚያው ዓመት ነው የቀረው።

እኚሁ አባት ያሳቁኝ ነገርም አለ። በስልክ ማን በዕድሜ እንደሚቀድም አይታይም። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባባሉ አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ይቅርታ መጠያየቅ ይመጣል። ባለሙያዋ በስም እየጠራች ተራ መስጠት ስትጀምር ነው የተገላገሉት።

እናንተ ልጆች፣ መስመሩን አገናኝታችሁ ውጡ። በሩን ዝጉ። የጆሮ ማዳመጫ ግዙላቸው። «ምን አወራችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለባለሙያው የቤቱን አድራሻና በቅርብ የሚገኝ ሰው ስልክ አስቀድማችሁ ስጡ፤ አንድ ሰው በድንገት ቢታመም ወይም ራሱን ሊጎዳ ቢነሳ፣ ሩቅ ያለው ሐኪም አምቡላንስ የሚልከው በዚያ አድራሻ ነው። ቡድኑ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብ ጠይቁ፤ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ግዴታ አለበት። ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ሕጉ ራሱ አይፈቅድም።