ቀጣዩ የኤንቢኤ ቡድን ለየትኛዋ ከተማ?

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ለመጨረሻ ጊዜ አዲስ ቡድን የተቀበለው በ2004 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የሰሜን ካሮላይናዋ ሻርለት ቦብካትስ የሚባል ቡድን አገኘች፤ ባለሀብቱ ሮበርት ጆንሰንም ለመግቢያ 300 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ የቡድኖቹ ቁጥር 30 ላይ ቆሟል። የተጫዋቾች ደመወዝ፣ የቴሌቪዥን ገቢውና የቡድኖች መሸጫ ዋጋ ሰማይ ሲነኩ ይህ ቁጥር ከሃያ ዓመት በላይ ንቅንቅ አላለም። በ2025 መጨረሻ ኮሚሽነሩ አዳም ሲልቨር ሲያትልንና ላስ ቬጋስን በስም ጠርተው በ2026 ውሳኔ ላይ እንደሚደረስ ተናገሩ። የቆየው ክርክርም እንደገና ጦፈ፤ አዲስ ቡድን የሚገባት ከተማ የትኛዋ ናት?

ስፖርት ወዳዱ ሲከራከር የሕዝብ ብዛትን፣ የደጋፊን ፍቅርና የቀድሞ ታሪክን ያነሳል። ሁሉም ቦታ አላቸው። ውሳኔው ግን የ30ዎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ነው፤ አዲስ አባል የሚገባውም ከመካከላቸው ሦስት አራተኛው፣ ማለትም ቢያንስ 23ቱ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ ስለ ከተሞቹ ከማውራት በፊት ድምፅ ሰጪዎቹ ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚቀርባቸው ማየት ይሻላል።

በ2025 የውድድር ዘመን የጀመረው የቴሌቪዥን ውል ለ11 ዓመት 76 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል፤ በዓመት በአማካይ 7 ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ማለት ነው። ይህ ለ30 ሲካፈል ለአንድ ቡድን 230 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ለ32 ሲካፈል ወደ 216 ሚሊዮን ይወርዳል። በሌላ በኩል አዲስ ገቢዎቹ የሚከፍሉት የመግቢያ ገንዘብ በቀጥታ ለነባሮቹ ባለቤቶች ይከፋፈላል፤ ተጫዋቾች ከዚያ ላይ ድርሻ የላቸውም። ለምሳሌ ያህል ሁለቱ አዲሶች እያንዳንዳቸው 5 ቢሊዮን ቢከፍሉ ለእያንዳንዱ ነባር ባለቤት 333 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ሂሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ አትራፊ ነው። ችግሩ ክፍያው የአንድ ጊዜ መሆኑ፣ የሚሰጠው ድርሻ ግን ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። በ2025 የቦስተን ሴልቲክስ ሽያጭ በ6.1 ቢሊዮን፣ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ደግሞ ቡድኑን በ10 ቢሊዮን በሚተምን ስምምነት መፈጸሙ የባለቤቶቹን ፍላጎት ይበልጥ ከፍ አድርጎታል። የሊጉ ድርሻ በየዓመቱ የሚወደድ ከሆነ ዛሬ ቆርሶ መስጠት ለምን ያስቸኩላል?

ድርሻን ለዘለዓለም መስጠት ምን እንደሚያስከትል ሊጉ በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል። በ1976 ኤቢኤ የሚባለው ተፎካካሪ ሊግ ሲፈርስ ኔትስ፣ ዴንቨር፣ ኢንዲያናና ሳን አንቶኒዮ ወደ ኤንቢኤ ገቡ፤ ኬንታኪና ሴንት ሉዊስ ውጭ ቀሩ። የኬንታኪው ባለቤት ጆን ብራውን 3 ሚሊዮን ዶላር ተቀብለው ተሰናበቱ። የሴንት ሉዊሶቹ ወንድማማቾች ኦዚና ዳንኤል ሲልና ግን 2.2 ሚሊዮን ወስደው ውሉ ውስጥ አንዲት ሐረግ አስገቡ፤ ከአራቱ ገቢ ቡድኖች የቴሌቪዥን ድርሻ አንድ ሰባተኛው ሊጉ እስካለ ድረስ የእነሱ እንዲሆን። ያኔ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በኤንቢኤ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተ ቡድን ባለቤቶች በዚህ መንገድ 300 ሚሊዮን ገደማ ሰበሰቡ፤ በ2014 ሊጉ አብዛኛውን መብት መልሶ ለመግዛት ሌላ 500 ሚሊዮን ከፈለ።

የመግቢያው ዋጋ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ሲያትል በ1967 ስትገባ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1988 እና 1989 ሻርለት (በመጀመሪያ ቡድኗ)፣ ማያሚ፣ ኦርላንዶና ሚኒሶታ እያንዳንዳቸው 32.5 ሚሊዮን ከፈሉ። በ1995 ቶሮንቶና ቫንኩቨር 125 ሚሊዮን።

እነዚህ ሁለት የካናዳ ከተሞች በአንድ ቀን ተወልደው በተለያየ መንገድ ሄዱ። ሁለቱም ትልልቅና ሀብታም ናቸው፤ ሁለቱም ጀማሪ ሆነው ብዙ ተሸንፈዋል። ቫንኩቨር ግን የምትሰበስበው በካናዳ ዶላር፣ ለተጫዋች የምትከፍለው በአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በዘጠናዎቹ መጨረሻ የካናዳው ገንዘብ ሲዳከም ልዩነቱ በጀቷን በላው። በ1999ኙ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በሁለተኛ ደረጃ የመረጠችው ስቲቭ ፍራንሲስ አልመጣም ብሎ በልውውጥ ሂዩስተን ገባ። በ2001 ቡድኑ ተነቅሎ ወደ ሜምፊስ ሄደ። ቶሮንቶ ግን በ1998 ቪንስ ካርተርን አግኝታ ተነሳች፤ በ2019 ዋንጫ በላች። ስድስት ዓመት አንዲትን ከተማ ለመፍረድ አይበቃም ባይ ነኝ፤ የቫንኩቨር ስም ዛሬም በእጩዎች ዝርዝር ላይ ሲነሳ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ስለ መስፋፋት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ቡድን የሌላት ትልቅ ከተማ ለሊጉ ጥቅም ትሰጣለች። ባለቤቱ አዲስ አዳራሽ ሲፈልግና የከተማው ምክር ቤት ሲያመነታ «ካልሆነ ወደዚያች እንሄዳለን» ለማለት ያችኛዋ ባዶ መሆን አለባት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በቅርብ አይተውታል። በታኅሣሥ 2023 የዊዛርድስ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ ቡድኑን ወንዙን አሻግረው ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ ሊወስዱ መሆኑን አስታወቁ። ዕቅዱ በቨርጂኒያ ምክር ቤት ሳያልፍ ቀረ፤ በመጋቢት 2024 ዋሽንግተን ለነባሩ አዳራሽ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማምታ ቡድኗን አስቀረች። ሳክራሜንቶም በ2013 ኪንግስን ልታጣ ስትል ባለቤቶቹ ወደ ሲያትል የሚደረገውን ዝውውር 22 ለ8 ውድቅ አደረጉላት፤ ዋጋው ግን በ2016 የተከፈተውና ከተማዋ ገንዘብ ያወጣችበት አዲስ አዳራሽ ነበር። በዚህኛው ጭቅጭቅ ውስጥ የሲያትል ባዶነት እንደ ማስፈራሪያ አገልግሏል።

ሲያትል ባዶ የቀረችበት መንገድ ደግሞ አሳፋሪ ነው። ሱፐርሶኒክስ 41 የውድድር ዘመን የተጫወተ፣ በ1979 በሌኒ ዊልከንስ አሠልጣኝነት ዋንጫ የወሰደ፣ በ1996 በጌሪ ፔይተንና በሾን ኬምፕ እየተመራ ከማይክል ጆርዳን ቡልስ ጋር ለፍጻሜ የቀረበ ቡድን ነው። የስታርባክስ ሊቀመንበርና የቡድኑ ባለቤት የነበሩት ሃዋርድ ሹልትዝ አዳራሹን ለማሳደስ የመንግሥት ገንዘብ ጠይቀው ሲከለከሉ፣ በ2006 ክሌይ ቤኔት ለሚመሩት የኦክላሆማ ባለሀብቶች ቡድን በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። በዚያው ዓመት የሲያትል ሕዝብ በድምፁ ለስፖርት ቡድን የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ ትርፍ ካላስገኘ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ከአራት መራጮች ሦስቱ ያህል ደገፉት። በ2007 ከአዲሶቹ ባለቤቶች አንዱ ኦብሪ ማክሌንደን ቡድኑን የገዙት እዚያው ለማቆየት እንዳልሆነ ለጋዜጣ ተናግረው ሊጉ 250,000 ዶላር ቀጣቸው። ቅጣቱ ተከፈለ፤ ቡድኑም ሄደ። በ2008 ባለቤቶቹ ዝውውሩን 28 ለ2 አጸደቁ፤ ተቃውሞ የሰጡት ዳላስና ፖርትላንድ ብቻ ነበሩ። ከተማዋ የኪራይ ውሉ ቀድሞ እንዲቋረጥ 45 ሚሊዮን ተቀብላ፣ ስሙንና ቀለሙን ለወደፊት ቡድን አስቀረች።

ዛሬ ያ አዳራሽ ሰበብ አይሆንም። ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ታሪካዊ ጣሪያ እንዳይፈርስ ተብሎ፣ 20 ሺህ ቶን የሚመዝነውን ክዳን በብረት ምሰሶዎች አንጠልጥለው ሥሩን ቆፈሩት፤ አዲሱንም አዳራሽ ከታች ገነቡት። ወጪው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን የተሸፈነው በግል ባለሀብቶች ነው። በ2021 ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ተብሎ ተከፈተ፤ የበረዶ ሆኪ ቡድኑ ክራከንና የሴቶቹ ስቶርም ይጫወቱበታል። ከተማዋ የቴክኖሎጂ ሀብት ማዕከል፣ ከአገሪቱ ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎችም አንዷ ናት። በእኔ እምነት ሲያትል ከሌሎች ጋር መወዳደር አልነበረባትም። ሊጉ የወሰደባትን ሊመልስላት ይገባል፤ ያንንም ቢሊዮኖች አስከፍሎ መመለሱ ራሱ ይበዛበታል።

ሶኒክስን የወሰደችው ኦክላሆማ ሲቲ በበኩሏ የሕዝብ ብዛት ብቻውን እንደማይወስን ታሳያለች። በሊጉ ካሉት አነስተኛ ገበያዎች አንዷ ናት። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያወድም የዚያች ከተማ ቡድን ከ2005 እስከ 2007 አብዛኛውን ጨዋታ በእሷ አዳራሽ አደረገ፤ ሕዝቡም ወንበሩን ሞላው። ሊጉ ያልጠበቀውን ፈተና አለፈች። ሌላ ቡድን ሳይኖራት ሶኒክስን ታንደር ብላ እንደ ልጇ ይዛ አሳደገችው፤ በ2025 ዋንጫ አነሳች። በታኅሣሥ 2023 ነዋሪዎቿ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ አዲስ አዳራሽ የሽያጭ ታክስ ለመክፈል ከመቶ 71 በሆነ ድምፅ ተስማሙ፤ የቡድኑ ባለቤቶች የሚያዋጡት 50 ሚሊዮን ብቻ ነው። ትናንሽ ከተሞች ለክብራቸው የሚከፍሉት ዋጋ ትልልቆቹ እምቢ የሚሉት ነው።

ላስ ቬጋስ የተለየች እጩ ናት። ለብዙ ዓመታት የስፖርት ሊጎች በቁማር ምክንያት ሸሽተዋት ነበር። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን ለግዛቶች ሲፈቅድ የቀረው ሰበብም ጠፋ። ኤንቢኤ እንግዳዋ አይደለም፤ ከሪም አብዱል ጀባር በ1984 የዊልት ቻምበርሊንን የነጥብ ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያው ነው፤ ዩታ ጃዝ በዚያ ዓመት ጥቂት ጨዋታዎቹን በቬጋስ ያደርግ ነበርና። የበጋው ሊግ ከ2004 ጀምሮ ይካሄድባታል። የሆኪው ጎልደን ናይትስ በ2017 ገብቶ አዳራሹን ሞልቷል፤ የሴቶቹ ኤስስ ዋንጫ እየደጋገሙ ወስደዋል። በዓመት 40 ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ስለሚገባ የተጋጣሚ ደጋፊም ትኬት ይገዛል።

እኔን የሚያሳስበኝ የነዋሪው ጉዳይ ነው። በአካባቢው 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል፤ ሆኪው፣ የአሜሪካ ፉትቦሉ ሬይደርስና በ2028 ይገባል የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ይሻሙታል። በሆቴልና በካዚኖ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚያሽከረክረው ሕዝብ፣ ከእነሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ጨዋታው በሚካሄድበት ምሽት ሥራ ላይ ነው። ትኬቱ ለጎብኚና ለድርጅት ከተሸጠ ቡድኑ ገንዘብ ያገኛል፤ የከተማው ልጅ ቡድን መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

የቀሩት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ካንሳስ ሲቲ ኪንግስን በ1985 አጥታ በ2007 ትልቅ አዳራሽ ሠራች፤ ቡድን ግን አልመጣላትም፤ አዳራሹ በኮንሰርትና በኮሌጅ ውድድር ይተዳደራል። ሉዊቪል 22 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ አላት፤ የጨዋታ ቀን ቅድሚያ ግን የዩኒቨርሲቲው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ከነአካባቢዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ በታዳጊው ጂ ሊግ የሚጫወተው ካፒታኔስና ዘመናዊ አዳራሽ አሏት። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ስለሆነ ተጋጣሚ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። የገንዘብ ምንዛሬው ግን የቫንኩቨርን ታሪክ ያስታውሳል።

የሴቶቹ ሊግ ደብሊውኤንቢኤ ለመስፋፋት ሳያመነታ ገብቶበታል። በ2025 የጀመረው ጎልደን ስቴት ቫልኪሪስ በመጀመሪያ ዓመቱ የሜዳውን ትኬት በሙሉ ሸጦ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ የመግቢያ ክፍያው 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቶሮንቶና ፖርትላንድ በ2026 ይከተላሉ። ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይትና ፊላደልፊያ ደግሞ እስከ 2030 ባሉት ዓመታት እንዲገቡ ሲመረጡ ክፍያው 250 ሚሊዮን ደርሷል። ሦስቱንም የወሰዱት በከተሞቹ የኤንቢኤ ቡድን ባለቤት የሆኑ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው ኮሜትስ የነበራት ሂዩስተን ተዘለለች፤ ታሪክ ብቻውን ቦታ እንደማያስገኝ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ከተማዋ ከተመረጠች በኋላ ቡድኑ በምን ተጫዋች ይጀምራል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በ2004 ነባሮቹ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ተጫዋች ድረስ ከልክለው፣ ሻርለት ከቀረው ላይ መረጠች፤ ከአንድ ቡድን ከአንድ በላይ መውሰድ አይቻልም ነበር። ከዚያ ተራፊ ውስጥ በሳክራሜንቶ ተቀምጦ የነበረው ጀራልድ ዋላስ ተገኘ፤ በ2010 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። ቡድኑ ግን በመጀመሪያ ዓመቱ 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ፤ በ2011/12 ደግሞ 7 አሸንፎ 59 በመሸነፍ በሊጉ ታሪክ ዝቅተኛውን የማሸነፍ መጠን አስመዘገበ። ቶሮንቶና ቫንኩቨርም በጀመሩባቸው ዓመታት የድራፍቱን አንደኛ ምርጫ እንዳያገኙ ተከልክለው ነበር። የሆኪው ሊግ በ2017 ከቬጋስ 500 ሚሊዮን ዶላር ሲቀበል ደንቡን አላልቶ ከ30ዎቹ ቡድኖች ጥሩ ጥሩ ተጫዋች እንድትመርጥ ፈቀደ፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት ለፍጻሜ ደረሰ። ኤንቢኤ ቢሊዮኖች ሊያስከፍል ነውና ነባሮቹ የሚከለክሉትን ተጫዋች ከስምንት ወደ ስድስት ቢያወርድ፣ የድራፍቱንም ዕጣ ለአዲሶቹ ክፍት ቢያደርግ፣ የሲያትል ልጆች ከ2008 ወዲህ ሲጠብቁት የኖሩትን ቡድን እየተሸነፈ ለማየት አሥር ዓመት አይገደዱም።