የተሽከርካሪ የፊት መስታወት ማውጫ የእጅ መሣሪያ፦ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የተሽከርካሪ የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ ባለንብረቱ በቅድሚያ የሚጠይቀው የአዲሱን መስታወት ዋጋ ነው። ሆኖም አዲሱ መስታወት በቦታው ጸንቶ መቆየቱ በአብዛኛው የሚወሰነው አሮጌው በወጣበት መንገድና መሣሪያ ነው። ይህ ማብራሪያ አሮጌውን መስታወት ለማውጣት ስለሚያገለግሉ የእጅ መሣሪያዎች፣ ባለንብረቱ ሊያረጋግጣቸው ስለሚገቡ ነጥቦች እንዲሁም በመስታወቱ ላይ ስለሚለጠፉ ሕጋዊ ምልክቶች ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

የፊት መስታወት ለምን ትኩረት ይሻል?

የአውቶሞቢል የፊት መስታወት በሁለት የመስታወት ንጣፎች መካከል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ገብቶበት የሚሠራ በመሆኑ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ እንደ ጎን መስታወት ተፈረካክሶ አይረግፍም። ተግባሩም ነፋስና አቧራ በመከላከል ብቻ አይወሰንም። ተሽከርካሪው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደረመስ ያግዛል፤ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪው ወደ ውጭ እንዳይወረወር ይከላከላል። በበርካታ ዘመናዊ አውቶሞቢሎችም ከጋቢና ተሳፋሪው ፊት ያለው የአየር ከረጢት ሲነፋ ተደግፎ የሚቆመው በዚሁ መስታወት ነው። በሚገባ ያልተጣበቀ መስታወት እነዚህን ተግባራት ሊፈጽም አይችልም።

መሣሪያው እንደ መስታወቱ አያያዝ ይለያያል

በድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው ባጃጅ፣ የቆየ ሞዴል አውቶሞቢልና በቅርብ ዓመታት የተመረተ ተሽከርካሪ በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ይመለከታል። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች የፊት መስታወት አያያዝ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በመሆኑም የማውጫው መሣሪያ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

በባጃጅ እንዲሁም በድሬዳዋና በሐረር ለረጅም ዘመን በታክሲነት ባገለገሉት ፔጆ 404 አውቶሞቢሎች ላይ መስታወቱ የሚያዘው ዙሪያውን በሚያቅፍ ጎማ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጫፉ ደብዘዝ ያለ፣ የጎማውን ከንፈር ከላሜራው ጠርዝ ላይ የሚገለብጥ ቆልማማ መሣሪያ ነው። መልሶ ለመግጠም ደግሞ በጎማው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ይጠመጠምና አንዱ ሠራተኛ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ገመዱን ከውስጥ ቀስ እያለ ይስባል። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ የመታው ጎማ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ መስታወቱ በሚቀየርበት ጊዜ ጎማውም አብሮ ቢቀየር ይመረጣል።

በአብዛኞቹ ዘመናዊ አውቶሞቢሎች ግን መስታወቱ ከላሜራው ጋር የሚያያዘው ፖሊዩሬቴን በተባለ ጠንካራ ማጣበቂያ ነው። ይህን ማጣበቂያ ለመቁረጥ የሚያገለግለው ዋናው የእጅ መሣሪያ የኤል ቅርጽ ያለው ስለት፣ መጨበጫ እና በሽቦ ገመድ የተያያዘ መሳቢያ እጀታ ያለው ቢላ ነው። ባለሙያው ስለቱን በመስታወቱ ጠርዝ ሥር ያስገባል፤ በአንድ እጁ መጨበጫውን እየመራ በሌላው እጀታውን በመሳብ ዙሪያውን ይቆርጣል። ማጣበቂያው ላይ ውኃ መርጨት ስለቱ በቀላሉ እንዲንሸራተት ይረዳል።

ሁለተኛው አማራጭ የመቁረጫ ሽቦ ነው። ሽቦው ማጣበቂያውን በስቶ እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ አንድ ሰው ከውስጥ ሌላው ከውጭ ሆነው ይስቡታል። በአግባቡ ከተያዘ ቀለሙን የመቧጨር ዕድሉ አነስተኛ ነው።

በካቻቢቴና በመዶሻ ማውጣት የሚያስከትለው ጉዳት

ተገቢው መሣሪያ በሌለበት ካቻቢቴ ወይም የወጥ ቤት ቢላ መጠቀም የመስታወቱን ክፈፍ ቀለም ይፍቃል። የተፋቀው ላሜራ በአዲሱ ማጣበቂያ ስለሚሸፈን ባለንብረቱ ሊያየው አይችልም። ይሁንና ዝገቱ ከሥር መስፋፋቱን ይቀጥላል። ማጣበቂያው የያዘው የዛገ ላሜራ ከሆነ ዝገቱ ሲላጥ ማጣበቂያውም አብሮ ይለቃል። በመጀመሪያ የሚታየው ምልክት ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱ ወይም የነፋስ ድምፅ መሰማቱ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ግጭት ቢደርስ መስታወቱ ከቦታው ሊነቀል ይችላል።

ባለንብረቱ ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው በምን መሣሪያ እንደሚቆርጥ ይጠየቅ። የዝናብ መጥረጊያዎቹ መፈታታቸው፣ ዳሽቦርዱና ኮፈኑም መሸፈናቸው ይረጋገጥ። ባለሙያው ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሊያደርግ ይገባል።

2. አሮጌው መስታወት ከወጣ በኋላ አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ክፈፉ ይታይ። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የያዘ አሮጌ ማጣበቂያ በላሜራው ላይ መቅረቱ ስህተት አይደለም፤ አዲሱ ማጣበቂያ በተሻለ የሚይዘው በዚያ ላይ ነው። የተፋቀ ቦታ ካለ ግን ጸረ ዝገት ቀለም ሊቀባና ሊደርቅ ይገባል።

3. የማጣበቂያው ዓይነትና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ይነበብ። ለመታጠቢያ ቤት የሚውል ሲሊኮን የፖሊዩሬቴን ምትክ ሊሆን አይችልም። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ፀሐይ ላይ የቆየ ማጣበቂያ የአገልግሎት ጊዜው ሳያበቃ ሊበላሽ ስለሚችል አቀማመጡም ይጠየቅ።

4. ተሽከርካሪው ለጉዞ የሚፈቀድበት ሰዓት በማጣበቂያው መመሪያ መሠረት ይወሰን። በተለምዶ የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ነው። ሙቀት ሂደቱን ቢያፋጥንም ደረቅ አየር ያዘገየዋል፤ ስለዚህ “ሙቀት ስለሆነ ወዲያው ይደርቃል” በሚል ግምት ወደ ደወሌ ወይም ወደ ሐረር መንገድ መውጣት ተገቢ አይደለም።

5. በመጀመሪያው ቀን የአንዱ በር መስታወት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ በር በኃይል ሲዘጋ በውስጥ የሚፈጠረው የአየር ግፊት አዲሱን መስታወት ሊገፋው ይችላል። በከፍተኛ የውኃ ግፊት ማጠብም አይመከርም።

ስለ ቦሎና ስለ መድን

የዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ምልክት ወይም በተለምዶ ቦሎ የሚባለው እንዲሁም የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት የሚለጠፉት በፊት መስታወቱ ላይ ነው። መስታወቱ ሲወጣ ምልክቶቹም አብረው ስለሚወገዱ ባለንብረቱ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ሊያነሳቸው፣ የተሽከርካሪውን መታወቂያ ደብተርና የመድን ውሉን በእጁ ሊይዝ፣ ስለ ምትክ አሰጣጡም ምልክቶቹን የሰጡትን አካላት ሊጠይቅ ይገባል። የመስታወት ሥራው የተከፈለበት ደረሰኝም ለማስረጃነት ይጠቅማል።

የሦስተኛ ወገን መድን በሌሎች ሰዎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚውል በመሆኑ የባለንብረቱን የራሱን መስታወት ወጪ አይሸፍንም። ሙሉ የመድን ሽፋን ያለው ባለንብረት ግን ውሉ መስታወትን የሚያካትት መሆኑን ማየትና መስታወቱ ከመውጣቱ በፊት ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ጉዳቱ ሳይታይ የተነሳ መስታወት የካሳ ጥያቄውን ለማስረዳት አዳጋች ያደርገዋል።

በአጠቃላይ አሮጌው መስታወት ወጥቶ አዲሱ እስኪገጠም ያለው አጭር ጊዜ ባለንብረቱ የሥራውን ጥራት በዓይኑ ሊያይ የሚችልበት ብቸኛ አጋጣሚ ነው። በመሆኑም ባለንብረቶች በዚህ ወቅት በሥፍራው ተገኝተው ክፈፉን እንዲመለከቱ ይመከራል።