«በቃ እማማ፣ ካሴቱ አለቀ»

የ2011 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በዋለ በሁለት ወይም በሦስት ቀኑ ልጄ ከፕራግ ደወለችልኝ። ያኔ እዚያ ትማር ነበር። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ከተባባልን በኋላ ምን ላይ እንዳለች ብጠይቃት «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ለሻይ ወጥተን ነው» አለችኝ። የምን ስብሰባ እንደሆነ ስትነግረኝ በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። ሳሙኤል ቤኬት ስለሚባል አየርላንዳዊ ደራሲና ስለ ቴክኖሎጂ ነው አለች። ከየአገሩ የመጡ ምሁራን ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰብስበው፣ ሰውዬው በሬዲዮ፣ በቴፕ፣ በፊልምና በቴሌቪዥን ምን እንደሠራ ጥናት እያቀረቡ ይከራከራሉ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደሞዝ ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሆዴ «ለዚህም በአውሮፕላን ይኬዳል?» አልኩ። ልጄ ግን ደስታዋ አልያዝ ብሏት ስለ አንዱ ቴአትር ትተርክልኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ነው፤ ስሙ ክራፕ። በየልደቱ ቀን፣ ያለፈው ዓመት እንዴት እንደነበር እየተናገረ ድምፁን በቴፕ ይቀዳል። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ማታ ብቻውን ጠረጴዛው ጋ ሆኖ፣ ሙዝ እየላጠ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ የቀዳውን ያዳምጣል። የጎልማሳው ድምፅ ኩሩ ነው፤ ሁሉን የጨረሰ፣ ሁሉ የገባው ነው። ሽማግሌው ይሰማዋል፣ ይሰድበዋል፣ ያስሮጠዋል፣ መልሶ ያጠነጥነዋል። ቴአትሩ ይኸው ነው።

«አይ ምስኪን፤ ልጅ የለውም?» አልኳት።

የለውም አለችኝ። ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋትና ስልኩን ዘጋን። ያንን ሽማግሌ እስካለፈው ዓመት ድረስ ዳግም አላስታወስኩትም።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ አረፈ። ሚስቱ ዕቃውን ስታስተካክል ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የጫማ ካርቶን አግኝታ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ስከፍተው አሥራ አንድ ካሴት ነው። በላያቸው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው፦ «ከእማማ፣ ጥር 1979»፣ «ከእማማ፣ ፋሲካ»።

ይህን የምታነቡ አያቶች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ እናታችን ደብዳቤ አንጽፍለትም ነበር፤ ፊደል ስላልቆጠረች እኔ ጽፌ የእሷ አይመስላትም። «ያልኩትን አላልሽም» ትለኛለች። ፖስታም ይዘገያል፣ ይከፈታልም ይባል ነበር። ስለዚህ የጎረቤት ቴፕ ተውሰን፣ ባትሪ ድንጋይ ገዝተን፣ ድምፅዋን ቀድተን በሰው እንልክለታለን። እማማ ለዚህ ሥራ ትታጠባለች፤ ነጭ ነጠላዋን ትለብሳለች፤ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ጀርባዋን አቅንታ ቴፑ ፊት ትቀመጣለች። ከዚያ እንደ ደብዳቤ ትጀምራለች፦ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንዱንም ሳታስቀር የጎረቤቱን ሰላምታ በየስሙ ታደርሳለች።

ካርቶኑ ለወራት አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። አልደፈርኩም። ለልጄ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፣ ያ የነገርኩሽ ሽማግሌ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። ይህን ጊዜ ልብ ብዬ አዳመጥኳት። በየሳምንቱ እየደወለች አንድ አንድ ነገር ትጨምርልኛለች፤ ያንኑ ርዕስ የያዘ የጥናቶች መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2021 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ እሷ ጋ አለ።

ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1906 ደብሊን አጠገብ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን ፓሪስ ኖረ፤ በ1989 ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው እዚያው ሞተ። ዓለም የሚያውቀው ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ በሚያሳየው ቴአትሩ ነው። በ1969 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ስቶክሆልም አልሄደም፤ አሳታሚው ሄዶ ተቀበለለት። እንዲህ ከሰው ሸሸት ያለ ሰው ለማሽን ግን ልቡ ክፍት ነበር። በ1957 ለቢቢሲ ሬዲዮ ድራማ ጻፈ፤ ለድራማው ያስፈለገው አዲስ ዓይነት የድምፅ ሥራ፣ ቢቢሲ በማግስቱ ዓመት ለድምፅ ሙከራ የተለየ ክፍል ለማቋቋሙ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። አሜሪካ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደ፤ በ1964፣ ከድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን ጋር አጭር ፊልም ለመሥራት።

የክራፕን ቴአትር የወለደው ደግሞ ድምፅ ነው። ፓትሪክ ማጊ የሚባል አየርላንዳዊ ተዋናይ በቢቢሲ ሬዲዮ ጽሑፉን ሲያነብለት ሰማ፤ ያ የደከመና የተሰነጠቀ ድምፅ ያዘው። ለዚያ ድምፅ ብሎ ጻፈ፤ በጥቅምት 1958 ለንደን ላይ ሲታይም የተጫወተው ማጊ ነው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ቤኬት ቴፕ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ አያውቅም ነበርና የአጠቃቀም መመሪያው እንዲላክለት መጠየቁ ነው። ሌላም ብልሃት አለው። የቴአትሩን ጊዜ ወደፊት የሚመጣ ምሽት አድርጎታል። ለምን ቢሉ፣ ድምፅ መቅጃ ያኔ ገና ሰው ቤት መግባቱ ስለነበር በ1958 ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው የሠላሳ ዓመት ቴፕ ሊኖረው አይችልማ! የሒሳብ ሰው ነኝና ይቺን ወደድኳት። እንግዲህ ቤኬት የጻፈው ገና ስለሌለ ሽማግሌ ነው። ካሴት ራሱ በፊሊፕስ ተሠርቶ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1963 ነው። ያ ሽማግሌ እኛ ነን።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ ነው ያስጀመረኝ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካሴት በእጁ ነክቶ አያውቅም። አንዱን አንስቶ አገላበጠና «እቴቴ፣ ይሄ ስንት ጊጋ ይይዛል?» አለኝ። ማጫወቻው ግን ከየት ይምጣ? የቤታችን ቴፕ ከተጣለ ቆይቷል። ከልጁ ጋር ምናለሽ ተራ ሄደን አንድ አሮጌ ገዛን፤ አይሠራም። የውስጡ ላስቲክ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። ሰፈራችን አሮጌ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ላስቲኩን ለወጠልኝ፤ ክሩ የሚነካውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገልኝ። «እናቴ፣ መጀመሪያ የማይፈልጉትን ካሴት ይሞክሩበት። የሚወዱትን ቢያኝክብዎ አይመለስም» አለኝ። ከማጫወቴ በፊትም እያንዳንዱን ካሴት አንድ ጊዜ እስከ ዳር አስሮጬ እንድመልሰው ነገረኝ፤ ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይያያዛል። ከካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም ሰበራቸው። ጥርሱ ከሌለ ቴፑ በላዩ ላይ አይቀዳም። እኛ በልጅነታችን ዘፈን ለመቅዳት ጥርስ የሌለውን ካሴት በፕላስተር እንደፍነው ነበር። ስንት አያት በዚያ ፕላስተር ጠፍታ ይሆን!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ የመጀመሪያውን ከፈትን። መጀመሪያ የመጣው እሷ አይደለችም፤ ሙቀጫ ነው። አንድ ሰው ከበስተጀርባ ቡና ይወቅጣል። ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

እናቴ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፊቷ በፎቶ አለ፤ ድምፅዋን ግን አስታውሰዋለሁ እል ነበር እንጂ አላስታውሰውም ኖሯል። ከማስበው ይልቅ ቀጭን ነው። ልጅ ነው የሚመስለው። ሳሰላው ያኔ አምሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሁን በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። የልጅ ልጄ እያቋረጠ ይጠይቃል፦ ቁና ምንድን ነው? ዕቁብና ዕድር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ልጄ እንደነገረችኝ ክራፕም፣ ጎልማሳው ራሱ የተናገረውን አንድ ቃል ትርጉሙ ጠፍቶት መዝገበ ቃላት ያመጣል። ቃሉ ደግሞ የእናቱን ባልቴትነት የሚገልጽ ነው። የቤኬት እናትም በ1950 ደብሊን ውስጥ፣ ቦይ ዳር ባለ የሕሙማን ማረፊያ ነው የሞተችው፤ በቴፑ ላይ ጎልማሳው ክራፕ የእናቱን መሞት የሚጠባበቀው እንዲሁ ውሃ ዳር ተቀምጦ ነው።

አራተኛው ካሴት ጥር 1979 የሚለው ነው። እማማ ስለ በሬው ነገረችው፤ ስለ አክስቴ ሠርግ ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «እንዲያው ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ብዬ…» አለች። ወዲያው ሌላ ድምፅ ገባ። ፈጣን፣ ቁጡ፣ የወጣት ሴት ድምፅ።

«በቃ እማማ፣ ካሴቱ አለቀ።»

«ቆይ እንጂ፣ አንድ ነገር…»

ቀጭ።

የልጅ ልጄ «ያቺ ማን ናት?» አለኝ። እኔ ነኛ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የምቸኩለው የት ለመሄድ እንደነበር ዛሬም አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ቴፑን አላጠፋሁትም። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ካሴቱ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ሽሽሽ ይላል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ነው፤ በአንድ በኩል ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል። ልጁ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ ቆጠረ፤ ቴፑ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም አሥራ ሰባት ደቂቃ ቀረው። ካሴቱ አላለቀም ነበር። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ ካሴት ሲያልቅና ሳያልቅ አትለይም። አመነችኝ። ወንድሜም ያንን ዝምታ አሜሪካ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንዳዳመጠው እንጃ። አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ለልጄ ስነግራት ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ክራፕም በመጨረሻ እንዲያ ነው አለችኝ፤ ቃል ሳይናገር ወደ ፊት አፍጥጦ ይቀመጣል፣ ቴፑ ባዶውን ይዞራል። ያ ስብሰባ ላይ ስለዚያ ዝምታ ምሁራን ምን እንዳሉ ልትነግረኝ ስትል «ተይው» አልኳት። ቀጥዬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዲህ ያለውን ነገር ሰብሰብ ብሎ መነጋገሩ ደግ ነው» አልኳት፤ ሳቀች።

አሁን ልጄ ባይኖርም ባሏ እየመጣ ይረዳናል፤ ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር ሽቦ አገናኝቶ እየተጫወተ ይቀዳዋል። አንዱን ቅጂ እዚህ፣ አንዱን ልጄ ጋ እናስቀምጣለን። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን ካለ ከሙቀትና ከስፒከር አጠገብ አርቁት፤ ስፒከር ማግኔት አለው። ደግሞ አትዘግዩ፤ ጠጋኙ ሰውዬ እንኳ ሰባ ሊሞላው ነው፤ ሙያውን የተማረለት ልጅ የለም።

የልጅ ልጄ ከዚያ እሑድ ወዲህ አዲስ አመል አውጥቷል። ስልኩን ደቅኖ «እቴቴ፣ ንገሪኝ» ይለኛል። ምን ልንገርህ ስለው «የፈለግሽውን፣ ይሄ አያልቅም» ይላል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ነጠላዬን አስተካክዬ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ ጀመርኩ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በሳቅ ወደቀ።

አምስተኛው ካሴት «ከእማማ፣ ግንቦት 1979» ይላል። ከዚያ ከተቆረጠው ቀጥሎ የተላከ ነው። ያንን ነገር ነግራው ከሆነ እዚህ ውስጥ ነው። ባለፈው እሑድ ላስሮጠው ስል ክሩ ወጥቶ ተጠመጠመ፤ በእስክሪብቶ ልመልሰው ብሞክርም አንድ ቦታ ላይ ተጣጥፎ መበጠሱን አየሁ። ለጠጋኙ ወስጄ ሰጠሁት። በመነጽሩ አጉልቶ አየውና፣ የተበጠሰውን ቆርጦ ይቀጥለዋል፣ የሚጠፋው ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም አለኝ። ከየትኛው ላይ ነው የሚቆረጠው አልኩት። ሳይከፍተው ማወቅ አይችልም። ለሐሙስ ቀጥሮኛል።