ቤተ ጸሎትና የከተማ ግብር፦ በኢየሩሳሌም ስለ አርኖና የተነሣው ክርክር

የካቲት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የዋለው እሑድ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት ምኩራብ ነበረ። ጌታችን ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ በሚታሰብበት በዚያው ዕለት የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በቀትር ተዘጋ። ደጁን የዘጉት የግሪክ ኦርቶዶክስ፣ የአርመንና የላቲን አባቶች ሲሆኑ፣ ምክንያታቸውም ሁለት ነበረ፤ አንደኛው በአብያተ ክርስቲያናት መሬት ላይ የቀረበው የሕግ ረቂቅ፣ ሁለተኛው የኢየሩሳሌም ማዘጋጃ ቤት የጠየቀው የቤት ግብር፣ ማለትም አርኖና። ከሩቅ አገር የመጡ ተሳላሚዎች በአደባባዩ ላይ ቆመው ጸለዩ።

ሁለቱንም ወገን በቅን ልቡና መስማት ይገባናል። በከንቲባ ኒር ባርካት የሚመራው ማዘጋጃ ቤት የአብያተ ክርስቲያናትና የተባበሩት መንግሥታት የሆኑ 887 ይዞታዎች 650 ሚሊዮን ሼኬል ያህል ዕዳ እንዳለባቸው አስታወቀ። ከተማይቱ ድኻ የሚበዛባት ናት፤ ብዙ ነዋሪዎች በገቢያቸው ማነስ የግብር ቅናሽ ያገኛሉ፣ ከግብር ነጻ የሆኑ ተቋማትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በጀቷ ያለ መንግሥት ድጎማ አይሞላም። በዚያው ክረምት ከንቲባውና የገንዘብ ሚኒስቴሩ በድጎማው መጠን ሳይስማሙ በመቅረታቸው በየመንገዱ ቆሻሻ ሳይነሣ ተከምሮ ነበረ። መንገድ የሚጠርገው፣ መብራት የሚያበራው ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ ይህ የታወቀ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ የጸሎት ቤት ከግብር ነጻ መሆኑን አልካደም። ክርክሩ ስለ እንግዳ ማረፊያው፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሱቁ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በበኩላቸው ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ የጸናውን ልማድና በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውን የነጻነት ድንጋጌ ጠቀሱ። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና የተሳላሚው ማረፊያ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ናቸው፤ የዘመናት ዕዳ በአንድ ጊዜ ተቈጥሮ የባንክ ሒሳብ ሲታገድ ደግሞ አገልግሎቱ ራሱ ይቆማል አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ የግብሩ አሰባሰብ እንዲቆም፣ በሚኒስትር ጻሒ ሀነግቢ የሚመራ ኮሚቴም ጉዳዩን እንዲመረምር አደረጉ። ደጁም የካቲት 21 ቀን በእመቤታችን ዕለት ተከፈተ። ይሁን እንጂ የቆመው አሰባሰቡ እንጂ ክርክሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢየሩሳሌም፣ የቴል አቪቭ፣ የራምላና የናዝሬት ማዘጋጃ ቤቶች በዚሁ ግብር ምክንያት በአብያተ ክርስቲያናት ላይ እንደ ገና ተነሥተዋል ሲሉ የአብያተ ክርስቲያናት አለቆች በአንድነት አቤት ብለዋል።

ይህ ነገር ለኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ነገሥታቶቻችንና መኳንንቶቻችን ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሌላ በነቢያት ጎዳናና በአካባቢው ቤቶችን ያሠሩት፣ ኪራዩ ለመነኮሳቱ ቀለብ እንዲሆን ነው። ቅዳሴ የሚቀደስበትና ኪራይ የሚሰበሰብበት ቤት በሕግ ፊት አንድ ሚዛን የላቸውም። ስለዚህ ልዩነቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት ርስትን መጠበቅ ነው።

አርኖና የሚታሰበው በቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ በሰፈሩና በአገልግሎቱ ዓይነት ነው። ከፋዩም ባለቤቱ ሳይሆን በቤቱ የሚጠቀመው ባለይዞታ ነው። ተከራይ ሲገባና ሲወጣ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ካልተነገረ ዕዳው በቀድሞው ባለይዞታ ስም መቈጠሩን ይቀጥላል። ስፋቱ ያለ ልክ ቢጻፍ፣ ማደሪያው እንደ ንግድ ቤት ቢመደብ ወይም ከፋዩ ሌላ ሰው ቢሆን፣ ማስታወቂያው በደረሰ በ90 ቀን ውስጥ ለአርኖና ሹሙ መቃወሚያ ይቀርባል። መልሱ ያላረካው በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ኮሚቴ፣ ከዚያም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ያመለክታል።

ስለዚህ አበው መነኮሳትንና ቤት የሚጠብቁ አገልጋዮችን የምንለምነው ይህ ነው፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይነበብ አይደር፤ የደረሰበትም ቀን ይመዝገብ። የእያንዳንዱ ቤት ልክ፣ የኪራይ ውልና ደረሰኝ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። እናንተም ተሳላሚዎች በማረፊያው የምትሰጡት መባ ምን እንደሚሸከም አስተውሉ።

ጌታችን ከዓሣ አፍ በወጣ እስታቴር ስለ ራሱና ስለ ጴጥሮስ ግብር ከፍሏል፤ ቤተ መቅደሱንም ከንግድ አንጽቷል። እኛም በእውነት የሚገባውን ክፍያ ሳንሸሽግ፣ የጸሎቱን ቦታ ግን ሳናስነካ እንድንኖር የአበው ጸሎት ይርዳን፤ አሜን።