ባሌስትራ የሚያርፍበት ብረት

ጎንደር በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናትና ሜዳዋ ጥቂት ነው። ከቀሐ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚል መኪና ባሌስትራው ዕረፍት አያገኝም። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ አይሱዙማ ከነጭነቱ የተማመነው በሻንሲውና በባሌስትራው መካከል ባለች፣ መዳፍ በምታክል ብረት ነው። ይህች ብረት የባሌስትራ መያዣ ናት። ስትሰበር አዲስ ገዝቶ መተካት ይቻላል፤ ግን ዕቃው ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ ሲለወጥ፣ ጋራዥ ወይም መኖሪያ ግቢ ውስጥ ላሜራ ተቆርጦ ትሠራለች።

የባሌስትራው አንዱ ጫፍ ከቋሚ መያዣ ጋር በወፍራም ፔርኖ ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ማገናኛ ይንጠለጠላል፤ ጎበጥ ያለው ባሌስትራ ሲጫን ጠፍጠፍ እያለ ስለሚረዝም መፈናፈኛ ያስፈልገዋል። ባሌስትራ ንዝረት መቀበል ብቻ አይደለም ሥራው። አክስሉን በቦታው ያቆመውም እሱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ይዘገያል፣ ጭነቱ ግን ወደፊት መሄዱን አይተውም፤ ስለዚህ ቋሚው መያዣ ከፊት በኩል ከሆነ ወደ ኋላ ይጎተታል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ በቀየሱት የሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ ይህ ጉተታ በየኩርባው ይደጋገማል። መያዣ በአብዛኛው በአንድ ትልቅ ምት አይሰበርም፤ በሺህ ትንንሽ ጉተታ እየደከመ ነው የሚሰነጠቀው።

ብዙዎች መያዣ ወደ መሥራት የሚገቡት ባሌስትራ ካስጨመሩ በኋላ ነው። በተደራረቡት የባሌስትራ ቅጠሎች ላይ አንድ ሲጨመር ድርድሩ ይወፍራል፣ ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል። ድርድሩን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ያጥራሉ። አሞርዛተሩም ያጥራል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ እስከ መጨረሻው ተስቦ የራሱን መያዣ መንቀል ይጀምራል። መፍትሔው አሞርዛተሩ የሚታሰርበትን ቦታ የሚያወርድ አዲስ መያዣ መሥራት ነው። ወፍራም ቅጠል የሚመርጡ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ የቅጠሉ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባዶውን ሲሄድ እንደ ድንጋይ የሚያንገጫግጨው ይኼው ነው፤ ጭነት ለመጨመር ሲባል የተጨመረው ቅጠል ሻንሲውን ራሱን ይቀጠቅጠዋል።

ሥራው በካርቶን ይጀመራል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በካቫሌቶ ከተደገፈ በኋላ ካርቶኑ እየተለካ፣ እየተቀደደ ልኩ ይወጣል። ከዚያ ቅርጹ ላሜራው ላይ ይሰመራል፤ ለቀላል የጭነት መኪና እኔ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት እመርጣለሁ። ቀዳዳው በትራፓኖ ይበሳ እንጂ በጋዝ አይቃጠል፤ በእሳት የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ሸካራ ነው፣ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከሸካራ ቦታ ነው። ማእዘኖቹም ሹል ሆነው አይቀሩም፣ በግራይንደር ይከረከማሉ። ሻንሲውን መብሳት ካስፈለገ የጎኑ ግድግዳ ይበሳ። የላይና የታችኛው ከንፈሩ አይነካም፤ የመኪናውን ክብደት በዋናነት የተሸከሙት እነሱ ናቸውና። መያዣው ላይ ቡሎን ሲታሰር ራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ደግ ነው፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ይመረጣል። ቁጥር የሌለውን ቡሎን ለበር ማንጠልጠያ ተዉት።

ብየዳው መኪናው ላይ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው አስቀድሞ ይፈታል። የብየዳ ማሽኑ መሬት ገመድ የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይቆነጠጥ፤ ርቆ ከታሰረ ኮረንቲው በኩሽኔታ በኩል አቋርጦ ያበላሸዋል። የነዳጅ ታንከሩ ያለበትም አስቀድሞ ይታይ። መጀመሪያ በነጥብ ተይዞ፣ ልኩ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ይዘጋል። መብራት እየወረደ ኮረንቲ ሲዳከም ብየዳው ላይ ላዩን ይቀመጥና ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ቅርፊቱ ሲመታ ግን ሥሩ ያልቀለጠ ይገኛል። እንዲህ ያለውን በግራይንደር ፍቆ እንደገና መሥራት እንጂ በላዩ ላይ መደረብ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም በላይ የሚበየደውና የማይበየደው ብረት ይለይ። መያዣው የሚሠራበት ለስላሳ ብረት ካርቦኑ ወደ 0.2 በመቶ ነው፤ በቀላሉ ይበየዳል። ባሌስትራው ግን ወደ 0.6 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን ያለው፣ በእሳትና በማቀዝቀዝ የጠነከረ ብረት ነው። በብየዳ ሲነካ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ስለዚህ መያዣውን ከአሮጌ ባሌስትራ ቆርጦ መሥራት፣ የተሰበረ ቅጠልንም በያጅ ጋ መውሰድ፣ ሁለቱም ኪሳራ ነው።

አሮጌው ቅጠል ግን መጣያ የለውም። በወናፍ ሲግል በመዶሻ ይታዘዛል፣ ማረሻና መጥረቢያ ይወጣዋል፤ ገበሬውም የሚመርጠው ብረት እሱ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ የምትገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ባለ እጆች የታወቀች መንደር ነበረች። ብረት በእሳት ፊት የሚለዋወጠውን ጠባይ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ማኅበረሰቡ ደግሞ ማረሻውን እየተጠቀመ በቡዳነት ያማቸው ነበር። 

ወደ መያዣው ስንመለስ፣ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ አለ ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። አዲስ የተሠራ መያዣ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ብየዳውም ይጠረግና ይታይ። በብየዳው ጠርዝ ቀጭን ቀይ የዝገት መስመር ከታየ ስንጥቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ ሊማሊሞን ሳይሞክሩ መያዣውን አውርዶ በአዲስ መቀየር ነው።