ወረርሽኝና የአእምሮ መቃወስ

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» በአገራችን የሚታወሰው ባጠፋው ሕይወት ብዛት ነው። ይኸው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሌላው ዓለም ሲዛመት ግን ጉዳቱ ከሳንባ አልፎ አእምሮንም እንደሚነካ ያስተዋሉ ሐኪሞች ነበሩ።

ከእነዚህም አንዱ አሜሪካዊው ካርል ሜኒንገር ነው። ሜኒንገር በቦስተን ሳይኮፓቲክ ሆስፒታል ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ተያይዞ አእምሯቸው የታወከ 100 ሕሙማንን መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1919 አሳተመ። ከሕሙማኑ ትልቁን ቁጥር የያዙት፣ ዛሬ ስኪዞፍሬንያ የምንለው ሕመም ያለባቸው የሚመስሉት ነበሩ። ይህ ሕመም በዚያን ጊዜ መዳኛ እንደሌለው ይታመን ነበር። ሆኖም ሜኒንገር ሕሙማኑን ከዓመታት በኋላ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1926 እንደ ገለጸው፣ አብዛኞቹ አገግመው ተገኝተዋል። ከጥናቱ ሁሉ ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ በትኩሳት ማግሥት የታየ መቃወስ የዕድሜ ልክ ፍርድ አልነበረምና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ዲሊሪየም ትኩሳት በበረታበት ሰዓት የሚመጣ መቃዠት ነው፤ በሽተኛው ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ ንቃቱም ከፍ ዝቅ ይላል። በሳይኮሲስ ግን በሽተኛው የት እንዳለ እያወቀ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ወይም በማስረዳት የማይለወጥ የተሳሳተ እምነት ይይዛል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጥያቄውን እንደገና አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በበሽታው የተያዙ የ236,379 ሰዎችን የሕክምና መዝገብ መርምሮ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሳይኮሲስ የተመዘገበባቸው ከመቶ 1.4 ያህል መሆናቸውን፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከታከሙት መካከል ግን ቁጥሩ እጥፍ ገደማ መድረሱን አመልክቷል። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ፣ የጭንቀትና የድባቴ ሥጋት ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ የመተንፈሻ አካል በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ጋር ሲተካከል፣ የሳይኮሲስ ሥጋት እስከ ሁለት ዓመት ከፍ ብሎ መቆየቱን ያሳያል። በሕፃናትም ላይ ይህ ሥጋት ታይቷል፤ ቁጥራቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ከልክ ሲያልፉ የአንጎልን ሥራ ያውካሉ፤ አልፎ አልፎም የመከላከያው ኃይል ተሳስቶ የራሱን የነርቭ ሕዋሳት ያጠቃል። ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም፣ ሕይወት አዳኝ ቢሆንም፣ በአንዳንዶች ላይ መቃወስን ያስከትላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ተገልሎ መቆየትና የቤተሰብ ሞት ሲጨመሩበት ሸክሙ ይበዛል።

ስለዚህ ከትኩሳት ተነሥቶ ወደ ክፍል የተመለሰ ተማሪ በድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ጓደኞቹን ያለ ምክንያት ቢጠረጥር ወይም ለማይታይ ሰው መልስ ቢሰጥ፣ መምህሩ «ዐመፀኛ» ወይም «እብድ» ብሎ ሊሰይመው አይገባም። ለወላጆቹ ሊነገራቸው የሚገባው፣ ልጁ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ ነው፤ ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመረና ምን መድኃኒት እንደ ወሰደም ለሐኪሙ ይገለጽለት። ጸበል የሚወስዱት ቢሆንም እንኳ ሕክምናው ሊቋረጥ አይገባም። ልጁ ሲያገግምም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፈተና ጫና ቢቀነስለትና ወንበሩ ከቀድሞ ጓደኞቹ አጠገብ ቢሆን ይረዳዋል።