በከተማ ውስጥ ፍጥነትን መቀነስ ለጤና ያለው ጥቅም

የትራፊክ አደጋ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሰዎች ላይ ቀዳሚው የሞት ምክንያት መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ድርጅቱ እግረኞችና ተሽከርካሪዎች አብረው በሚጠቀሙባቸው የከተማ መንገዶች ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ አሽከርካሪዎች ግን ገደቡ ጊዜያቸውን እንደሚወስድባቸው ይናገራሉ።

ፍጥነት ሰውነትን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ30 ከሚጓዘው 2.8 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ጉልበት አለው። ይህ ጉልበት የሚያርፈው በእግረኛው እግር፣ ዳሌ፣ ደረትና ጭንቅላት ላይ ነው። ሕፃናትና አረጋውያን ይህን የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ ነው።

አንድ ልጅ 14 ሜትር ያህል ከፊትዎ ድንገት ወደ መንገድ ቢገባ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 የሚነዳ ንቁ አሽከርካሪ ሊያቆም ይችላል። በ50 የሚነዳው ግን ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ ይህን ርቀት ይጨርሳል።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

5 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ በ50 ቢነዱ 6 ደቂቃ፣ በ30 ቢነዱ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በከተማ መብራትና መጨናነቅ ስላለ፣ የ4 ደቂቃው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህም ያንሳል። ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ የታክሲ ሹፌር ግን ደቂቃዎቹ ተደምረው ገቢውን ሊነኩ ይችላሉ።

በፊንላንድ ዋና ከተማ በሔልሲንኪ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መንገዶች ገደቡ 30 ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2025 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በከተማዋ በትራፊክ አደጋ የሞተ ሰው አልነበረም። ለዚህ የመንገድ አሠራርና ቁጥጥርም አስተዋጽኦ አድርገዋል።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የሐኪም ቀጠሮ ሲኖርዎ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ይውጡ።
• በትምህርት ቤት፣ በገበያና በጤና ተቋም አካባቢ ፍጥነትዎን ይቀንሱ።
• ተሳፋሪ ከሆኑ ሹፌሩን ቀስ ብሎ እንዲነዳ ይጠይቁ፤ አያፍሩ።
• አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ መንገድ ሲያቋርጥ አሻግረው እስኪጨርስ ይታገሡ።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪናም ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የተገጨ ሰው ደህና ቢመስልም መመርመር አለበት። ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።